ጣናን ለሲሙሌተር ማስረዳት

በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ «ውጤቱ በሲሙሌሽን ተረጋግጧል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ የትኛው ውሃ ላይ? ቀልድ አይደለም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ከወደቡ ወደ ዘጌ፣ ከዘጌ ወደ ደቅ ደሴት ጣና ላይ ለሚመላለሱ ጀልባዎች ገመድ አልባ ኔትወርክ ልንደፍ የሚል ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሬዲዮውን ሠርቶ ማቆም አይችልም፤ ሐይቁንም መሥራት አለበት። እሱ ካልሠራው ሲሙሌተሩ፣ ማለትም እውነተኛውን ዓለም ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በራሱ ፈቃድ አንድ ዓለም ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምድርም ውሃም የሌለበት ባዶ ሕዋ ነው።

ከሬዲዮው እንጀምር። የቆየው የኤፍ ኤም መቀበያ ኤፍ ኤም ከመቀበል ሌላ ሥራ አያውቅም። ጣቢያን ከጣቢያ የሚለየው ማጣሪያ፣ ድምፁን ከሞገዱ ላይ የሚያወርደው ክፍል፣ ሁሉም ሰርኪዩቱ ላይ ተበይደው የተቀመጡ ናቸው። ሥራውን ለመቀየር ሰርኪዩቱን መቀየር ግድ ይላል። በሶፍትዌር የሚሠራው ሬዲዮ ግን አንቴናው የያዘውን ሞገድ ቶሎ ወደ ቁጥር ይለውጥና የቀረውን ለፕሮግራም ይተዋል። በየቅጽበቱ ሁለት ሁለት ቁጥር ይመዘግባል (ጥንዱ አንድ ናሙና ይባላል)፤ ከሁለቱ የሞገዱ ጉልበትና ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ማጣራት ማለት ማባዛትና መደመር ነው። ዛሬ ኤፍ ኤም የተቀበለው ዕቃ ነገ ከሳተላይት የሚወርድ የአየር ጠባይ ሥዕል ይቀበላል፤ የሚቀየረው ፋይል ነው።

«ሶፍትዌር ሬዲዮ» የሚለውን ስም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስለመደው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ሚቶላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2001 ኤሪክ ብሎሰም ግኑ ሬዲዮ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪ ኪስ ውስጥ የገባው ግን በ2012 ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራች፣ የሪልቴክ ቺፕ ያለባት ርካሽ የዩኤስቢ ዕቃ ጥሬ ናሙናዎችን ለኮምፒውተር ማስረከብ እንደምትችል ታወቀ። በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ያህል ናሙና ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ቢት ነው።

አሁን የጉዳዩ ዋና ነገር ላይ ደረስን። ሬዲዮው ቁጥር የሚበላ ፕሮግራም ከሆነ፣ ቁጥሩ ከአንቴና ይምጣ ከፋይል ይምጣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ለሌላ ዕቃ ሲሙሌሽን ስንሠራ የዕቃውን ምስል ሠርተን ምስሉን እንፈትናለን። እዚህ ግን የምንፈትነው ፕሮግራም ነገ ጀልባው ላይ የሚጫነው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው እውነተኛ ነው፤ የፈጠራ ሥራ የሚሆነው በዙሪያው ያለው ዓለም ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ሲሳሳት ስሕተቱን መጀመሪያ መፈለግ ያለብን ከዓለሙ ነው፤ ከውሃው፣ ከሰዓቱ፣ ከጎረቤቱ።

ሬዲዮው ራሱን ከሁኔታው ጋር እንዲያስማማ ሲደረግ ነገሩ ይብሳል። እንዲህ ያለው ኔትወርክ በየጊዜው ይለካል፣ ይወስናል፣ ይቀይራል። ምልክቱ ጠንካራ ሲሆን በአንድ ምት 6 ቢት ይጭናል፤ ሲደክም ወደ 4፣ ወደ 2፣ ሲብስም ወደ 1 ይወርዳል። የያዘው ቻናል ሲጨናነቅ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ ጉልበቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሚቶላ በ1999 «ኮግኒቲቭ ሬዲዮ» ያለው፣ አካባቢውን አይቶ በራሱ የሚወስን ሬዲዮ የዚህ ጥጉ ነው። ዝም ብሎ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ የተሳሳተ ዓለም ውስጥ ቢገባ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጠናል፤ ይኼኛው ግን በተሳሳተው ዓለም ላይ ተመሥርቶ ይወስናል፣ ውሳኔው የጎረቤቱን ሁኔታ ይለውጣል፣ ጎረቤቱም በተራው ይወስናል።

ታዲያ ለምን ቀጥታ ሐይቁ ላይ አንሞክርም? አንደኛ፣ ማሠራጨት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ገና ባሕርዩ ያልታወቀ፣ ቻናል እየዘለለ የሚሄድ ማሰራጫ ደግሞ ፈቃድ ለመጠየቅም ያሳፍራል። ሁለተኛ፣ 50 ጀልባና 50 ሬዲዮ ማን ያመጣል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ ሐይቁ አንድን ቀን ሁለት ጊዜ አይሰጥም። የትናንቱን ንፋስና የትናንቱን ጀልባ መልሶ አምጥቶ፣ የፕሮግራሙን አንድ መስመር ብቻ ቀይሮ ማወዳደር የሚቻለው ሲሙሌተር ውስጥ ነው።

ሲሙሌሽኑ በሁለት ደረጃ ይሠራል። አንዱ ሞገዱን ናሙና በናሙና ይከተላል፤ ግኑ ሬዲዮ ወይም ማትላብ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ሁለተኛው ሞገዱን ትቶ ፓኬቶችን፣ ማለትም መልእክት ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ጥቅሎች፣ ይቆጥራል፤ ከ2008 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ኤንኤስ-3 የዚህ ወገን ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ማስኬድ ማራኪ ይመስላል፣ ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። የ20 ሜጋ ኸርዝ ቻናል በሰከንድ 20 ሚሊዮን ናሙና ይፈልጋል። እያንዳንዱ ናሙና 8 ባይት ቢይዝ በሰከንድ 160 ሜጋ ባይት ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ ሬዲዮ ነው። 50 ጀልባዎች እርስ በርስ የሚሰማሙባቸው መንገዶች ደግሞ 2,450 ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ማዳከሚያና የራሱ መዘግየት አለው። የአንድ ሰከንድ ኔትወርክ ለማየት ላፕቶፑ ስንት ሌሊት ማደር እንዳለበት ማሰብ ነው።

መፍትሔው ሠንጠረዥ ነው። በናሙና ደረጃ አንድን ጥንድ ሬዲዮ ብቻ ደጋግመን እንፈትንና «ምልክቱ ከጫጫታው በዚህን ያህል ሲበልጥ ከመቶ ፓኬት ይህን ያህሉ ይጠፋል» የሚል ሠንጠረዥ እናወጣለን። የፓኬት ሲሙሌተሩ ከዚያ እያነበበ ዕጣ ያወጣል። ሠንጠረዡን ማዘጋጀት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሚሊዮን ቢት አንድ የሚሳሳትበትን ነጥብ ለማግኘት ቢያንስ 100 ያህል ስሕተት መቁጠር ያስፈልጋል፤ ለአንዷ ነጥብ ብቻ 100 ሚሊዮን ቢት ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ቢት ልኮ፣ አንድ ስሕተት አይቶ፣ የተቃና ኩርባ የሚሥል ተማሪ እየሣለ ያለው ዕድሉን ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ፤ የባሕር ዳር ሰው ከሌላው የተለየ ዕውቀት ሊያመጣ የሚችለው እዚህ ላይ ነውና።

ወደብ ዳር 30 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ አለ እንበል። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ዘጌ አቅጣጫ ባለ ጀልባ ላይ፣ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ መቀበያ አለ። የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንምረጥ? ሲሙሌተሩ ዝም ብሎ የሚሰጠን የባዶ ሕዋ ቀመር በ600 ሜጋ ኸርዝ የምልክቱ ብክነት 108 ዴሲቤል፣ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ 120፣ በ5 ጊጋ ኸርዝ 126 ነው ይላል። ዴሲቤል ለማያዘወትር አንባቢ፦ 3 ሲጨመር ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ 10 ሲጨመር ዐሥር እጥፍ። እንግዲህ በ600 እና በ5 ጊጋ መካከል ያለው 18 ዴሲቤል ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ሲሙሌሽኑን ያየ ሁሉ «ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ምረጡ» ብሎ ይደመድማል። ራሱን የሚያስማማው ሬዲዮም እንዲሁ ይማራል።

ሐይቁ ግን ጠፍጣፋ ነው። ከማማው የሚነሳው ሞገድ በሁለት መንገድ ይደርሳል፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ውሃውን ነክቶ። እንዲህ ባለ ርቀት ሞገዱ ውሃውን የሚነካው እጅግ ዝቅ ባለ ማዕዘን ነው፤ ያኔ ውሃው ከሞላ ጎደል ፍጹም መስታወት ይሆናል፣ ነጥሮ የሚሄደውንም ሞገድ ገልብጦ ይልከዋል። ማዕበሉ ምስሉን ያበላሸዋል ብለን እንዳንጽናና፣ በዚህ ማዕዘን የ600 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ጀልባ የሚያንገላታውን ማዕበል እንኳ አይቆጥረውም። ሁለቱ መንገዶች በርዝመት የሚለያዩት 1.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሞገዱ ርዝመት ግን 50 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ቀና፣ ሌላው ግልብጥ ሆነው እኩል ስለሚደርሱ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ።

ሒሳቡን ስንሠራው በ600 ሜጋ ኸርዝ ተጨማሪ 13 ዴሲቤል ይጠፋል። በ2.4 ጊጋ የሚጠፋው 1 ያህል ነው። በ5 ጊጋ ጭራሽ ተቃራኒው ይሆንና ሁለቱ ሞገዶች ተደጋግፈው 4 ዴሲቤል ያተርፋሉ። ድምሩ፦ 121፣ 121፣ 122። ያ ሁሉ የ18 ዴሲቤል ብልጫ ውሃው ላይ ሟሟ። (የምድርን ክብነት ትቻለሁ፤ በዚህ ርቀት ቁጥሮቹን በጥቂቱ እንጂ በብዙ አይቀይራቸውም።)

ይህ ማለት ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጀልባው የዘጌን ልሳነ ምድር ዞሮ ከቡናውና ከጥቅጥቁ ዛፍ ጀርባ ሲገባ 5 ጊጋ ኸርዝ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፤ 600 ግን ያልፋል። ጥሩ ራሱን የሚያስማማ ሬዲዮ ይህን ድንበር ማወቅ ነበረበት። በባዶ ሕዋ የተማረው ግን የትም ቦታ አንድ መልስ ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የሐይቁ ከፍታም ይቀያየራል። ጣና ከሰኔ እስከ መስከረም 1.5 ሜትር ገደማ ይነሳል። ጀልባ አብሮ ይንሳፈፋል፤ ዳር ላይ በእንጨት የተተከለ መቀበያ ግን ባለበት ይቆማል። በሰኔ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ያለው በመስከረም 1.5 ሜትር ላይ ይገኛል። በ600 ሜጋ ኸርዝ ይህ ብቻውን 6 ዴሲቤል ይወስዳል፤ በአንድ ምት 6 ቢት ይጭን የነበረውን ግንኙነት ወደ 4 ያወርዳል። ማንም ምንም ሳይነካ ኔትወርኩ ከበጋው ይልቅ ክረምቱ ሲወጣ ይደክማል። የውሃውን ከፍታ እንደ ተለዋዋጭ ቁጥር ያላስገባ ሲሙሌሽን ይህን በምንም መንገድ ሊነግረን አይችልም።

ራቅ ስንል የምድር ክብነት ራሱ ይመጣል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያለ መካከለኛ ጣቢያ ለመተያየት በሁለቱም ዳር ከ70 ሜትር በላይ ማማ ያስፈልጋል። ሲሙሌተሩ ጠፍጣፋ ዓለም ከተሰጠው ግን በ10 ሜትር እንጨትም ያገናኛቸዋል። ደቅ ደሴት መሐል ላይ ያለችው ለዚህ ነው ለማለት ይከጅላል።

ሰዓቱስ? በፓኬት ሲሙሌተር ውስጥ ማሰብ ጊዜ አይፈጅም። ክስተት ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ያሰላል፣ መልሱ በዚያው ቅጽበት ይወጣል፤ ስሌቱ ላፕቶፑ ላይ አንድ ደቂቃ ቢወስድም የሲሙሌተሩ ሰዓት አልተንቀሳቀሰም። ለተራ ዋይፋይ ካርድ ይህ ብዙ አይጎዳም፣ ቺፑ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነውና። በሶፍትዌር ለሚሠራ ሬዲዮ ግን ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ፓኬት የደረሰው ሬዲዮ «ደርሶኛል» ብሎ ለመመለስ የሚጠብቀው 10 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ናሙናዎቹን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ልኮ፣ አስልቶ፣ መልሶ ለመላክ የሚፈጀው ጊዜ ግን ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ሲሙሌተሩ ላይ የሚያምር ፕሮቶኮል ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ አንድም ፓኬት የማያደርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፈጣኑን ሥራ ኤፍፒጂኤ ለሚባለው፣ የውስጥ ሰርኪዩቱ በፕሮግራም ለሚቀየር ቺፕ መስጠት መውጫ ይሆናል። ቢያንስ ቢያንስ ግን የተለካውን መዘግየት ለሲሙሌተሩ መንገር ያስፈልጋል።

መዘግየቱ ውሳኔውንም ያስረጀዋል። ወደብ አካባቢ ሞገዱ ከሕንፃና ከቆሙ ጀልባዎች እየነጠረ በብዙ አቅጣጫ ይመጣል፤ እዚያ የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሁኔታ በግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ በ6 ሴንቲ ሜትር፣ ፈጽሞ ሊለወጥ ይችላል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ጀልባ ያቺን 6 ሴንቲ ሜትር በ20 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳታል። መቀበያው የለካውን ለማሰራጫው አስታውቆ ማሰራጫው እስኪለወጥ 50 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደ፣ ሁልጊዜ ላለፈ ውሃ እየተዘጋጀ ነው።

ሲሙሌተር ውስጥ ደግሞ የሁሉም ሬዲዮ ሰዓት አንድ ነው። 50ው ጀልባ ቻናሉ መጨናነቁን በአንድ ቅጽበት ያያል፣ በአንድ ቅጽበት ወደ ባዶው ይሸሻል፣ ያም ሲሞላ በአንድ ላይ ይመለሳል። ለየሬዲዮው የዘፈቀደ መዘግየትና «ትንሽ ስለባሰ ብቻ አትቀይር» የሚል ገደብ ሲሰጥ ግርግሩ ይበርዳል። የእውነተኛዎቹ ሬዲዮዎች ሰዓት የሚመራባቸው ክሪስታሎች መዛባት ደግሞ በሌላ በኩል መግባት አለበት፦ ከሚሊዮን 20 የሚስት ርካሽ ክሪስታል በ600 ሜጋ ኸርዝ ላይ 12 ኪሎ ኸርዝ ያዛባል።

የጎረቤቱ ጉዳይ ማዳመጥ ነው። ባዶ ቻናል ፈላጊው ሬዲዮ በጣም ቀላሉ ዘዴው ጉልበት መለካት ነው፤ ከጫጫታው ከበለጠ «ሰው አለ» ይላል። ሲሙሌሽን ላይ ይህ ዘዴ ተአምር ይሠራል። የጫጫታውን መጠን እኛው ስለሰጠነው በትክክል ያውቀዋል፤ ረጅም ጊዜ ካዳመጠ የፈለገውን ያህል ደካማ ምልክት ያገኛል። በእውኑ ዓለም ዕቃው ይሞቃል፣ ማጉያው ይንሸራተታል፣ ጄኔሬተር ይነሳል። የጫጫታውን መጠን በ1 ዴሲቤል ብቻ ባናውቀው ግድግዳ ይቆማል፦ ከጫጫታው በ3.3 ዴሲቤል ያነሰን ምልክት ቀኑን ሙሉ ቢያዳምጡት አይገኝም። በሲሙሌሽኑ ላይ ይህችን የ1 ዴሲቤል ጥርጣሬ መጨመር አንድ መስመር ኮድ ነው። ከተጨመረች በኋላ የሚወጣውን ሥዕል ግን ብዙ ሰው አይወደውም።

ባለ 8 ቢቷ የዩኤስቢ ዕቃ የራሷ ድክመት አለባት። በጣም ጠንካራውንና በጣም ደካማውን አብራ መያዝ የምትችለው 50 ዴሲቤል ያህል ቢለያዩ ነው፤ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ሹክሹክታ አይሰማም። ወደብ አጠገብ ኃይለኛ ማሰራጫ ካለ ሩቁ ጀልባ የለም ይባላል። ጆሮ ቢኖርም ደግሞ ቦታው ይጋርዳል። ከዘጌ ዛፍ ጀርባ ያለ ጀልባ የወደቡን ማሰራጫ ስላልሰማ ቻናሉ ባዶ ነው ብሎ ይናገራል፤ ሁለቱንም የሚሰማ ሦስተኛ ጀልባ መሐል ላይ ይደነቁራል። ሲሙሌሽኑ ጀልባዎቹን በሜዳ ላይ በዘፈቀደ ከበተነ ይህ ክስተት አልፎ አልፎ ይታያል፤ እውነተኛውን የዳርቻ ካርታ ከተጠቀመ ግን በየጉዞው፣ ያውም ሁልጊዜ በዚያው ኩርባ ላይ፣ ይደጋገማል።

በሲሙሌሽንና በሐይቁ መካከል ሌላ ደረጃ አለ፤ እውነተኛ ሬዲዮዎችን በሐሰተኛ አየር ማገናኘት። ከዓለም ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ኮሎሲየም ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ዳርፓ ለስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገድን የመጋራት) ውድድሩ ያሠራው ሲሆን፣ ከ256 የሶፍትዌር ሬዲዮዎቹ 128ቱ በመካከላቸው ያለውን አየር ኮምፒውተር እያሰላላቸው ይነጋገራሉ። ውድድሩ በ2019 ሲያበቃ ወደ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ያን አይጠብቅም። ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ገመድና መካከል ላይ የሚገባ የምልክት ማዳከሚያ ይበቃዋል። ማዳከሚያው አይረሳ፤ ማሰራጫን በቀጥታ መቀበያ ላይ መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል። በዚህ አሠራር አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሰዓቱ፣ መዘግየቱና ጫጫታው ግን እውነተኛ ናቸው። የሰዓቱ ችግሮችና ከጎረቤቱም የጫጫታው ግድግዳ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይጋለጣሉ።

ውሃው ብቻ ይቀራል፤ እሱን ለመፈተን ምንም ማሠራጨት አያስፈልግም። የከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያ ሌት ተቀን እያሠራጨ ነው። ርካሿን የዩኤስቢ መቀበያ ይዞ የዘጌ ጀልባ ላይ መሳፈር፣ አንቴናውን በአንድ ከፍታ ማሰር፣ ማጉያውን በራሱ እንዳይቀያየር መቆለፍ፣ ከዚያ የጣቢያውን ጉልበትና የስልኩን ጂፒኤስ አብሮ መመዝገብ ነው። ከማሰራጫው ያለው ርቀት ከ2 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሲያድግ የባዶ ሕዋ ቀመር ምልክቱ 12 ዴሲቤል ይወርዳል ይላል፤ የሁለት መንገዱ ቀመር 24። የፋይሉ መልስ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ከታወቀ በኋላ ሲሙሌተሩን መክፈት ይቻላል።